በወረቀት ላይ ክዊልት መስፋት፦ እህቴ ያመጣችልኝ የጀማሪ ሳጥን፣ ከአራት ኪሎ እስከ መርካቶ ዞሬ ከሰበሰብኩት ዕቃ ጋር ሲተያይ

ሳጥኑ እጄ ከገባ ሦስት ወር ሆነው። እህቴ ከውጭ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛልኝ መጣች። ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠምኩ ክዊልት፣ ማለትም ድርብርብ የአልጋ ልብስ የመሰለ ሥራ፣ መስፋት እንደምወድ ታውቃለች። ፔፐር ፒሲንግ የሚባለውን ግን ሞክሬው አላውቅም ነበር። አሁን ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰፍቼ ጨርሻለሁ። ከዚያም አልፌ ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳና ከመርካቶ በሰበሰብኩት ዕቃ አሥራ አንድ ብሎክ (ክዊልቱ ከነሱ የሚገጣጠምባቸው ካሬዎች) ሰፍቻለሁ። ፎቶውን ያያችሁ ሁሉ «ምን ልግዛ? ከየት ልጀምር?» ስለምትሉኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ የማውቀውን እዚህ ላስቀምጠው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሳጥኑን ሰው ከሰጣችሁ በደስታ ተቀበሉ። ሰው ልካችሁ በዶላር ለማስገዛት ግን አትድከሙ። ውስጡ ካለው ዕቃ በእውነት የጠቀመኝ አንድ ማስመሪያ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን እዚሁ አስመስዬ አሠርቼዋለሁ። ሌላውን ከሞላ ጎደል በአንድ ቅዳሜ መሃል ከተማ ታገኙታላችሁ፣ ጨርቁን ደግሞ የተሻለውን።

ሥራውን ለማታውቁት ትንሽ ላብራራ። በተለመደው መንገድ ጨርቁን ለክታችሁ ትቆርጡና ጠርዝ ከጠርዝ ገጥማችሁ ትሰፋላችሁ። ካሬና አራት ማዕዘን ከሆነ ይሄ ምንም ችግር የለውም። ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ኮከብ ሲሆን ግን ጨርቁ እጃችሁ ላይ ይሸሻል፣ በሰያፍ የተቆረጠው ጎን ይለጠጣል፣ የኮከቡም ጫፍ ስፌት ውስጥ ተውጦ ይቀራል። በፔፐር ፒሲንግ ንድፉ ወረቀት ላይ ይታተማል፣ እያንዳንዱ ክፍልም ቁጥር አለው። ጨርቁን ከወረቀቱ ስር ታደርጉና መኪናውን በታተመው መስመር ላይ ትነዳላችሁ፣ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ይሰፋል ማለት ነው። ሲያልቅ ወረቀቱ ተቀዶ ይወጣል። ስለዚህ ቀጥ ያለ መስመር ተከትሎ መስፋት የሚችል ሰው፣ ገና በሁለተኛ ሳምንቱ እንኳ፣ ልምድ ያለው ልብስ ሰፊ የሚቸገርበትን የሾለ ጫፍ ያወጣል። እኔ የመጀመሪያውን ኮከቤን ወረቀቱን ቀድጄ ስገልጠው ስምንቱም ጫፍ በቦታው ነበር፣ ያን ዕለት ማታ ደጋግሜ እየተነሳሁ አየሁት።

አሁን ወደ ሳጥኑ። ውስጡ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ የታተሙ አራት ንድፎች፣ ተቆርጦ የተዘጋጀ ጨርቅ፣ የጨርቅ ሙጫ፣ መርፌ፣ ክብ ምላጭ ያለው ትንሽ መቁረጫ ከነምንጣፉ፣ ያ የነገርኳችሁ ማስመሪያ፣ እና ተጨማሪ ንድፍ ከኢንተርኔት ማውረጃ ኮድ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ አላስፈላጊ ነው፣ ተመሳሳይ ሳጥን የሚሸጡት ብዙ ናቸው።

ሙጫው ገና ስከፍተው ደርቆ ነበር። ይሄ የመንገድ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት፣ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ለመያዝ አንድ ስፒል ይበቃል። ያናደደኝ ጨርቁ ነው። ጥራቱ ጥሩ ነው፣ መቶ በመቶ ጥጥ። አቆራረጡ ግን ስስታም ነው። በዚህ ሥራ ጨርቁ ከሚሸፍነው ቦታ በየጎኑ ቢያንስ ሩብ ኢንች፣ ማለትም ስድስት ሚሊ ሜትር ከምናምን፣ መትረፍ አለበት። ለጀማሪ ደግሞ ሩብ ኢንች አይበቃውም፣ ሁለት ሴንቲ ይሻላል። ምክንያቱም ጨርቁን ገልብጣችሁ ሰፍታችሁ ስትገልጡት ያሰባችሁት ቦታ ላይ አያርፍም፣ በተለይ ሦስት ማዕዘን ሲሆን ይዞራል። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ቁርጥራጮች ልክ በልክ ስለሆኑ ሁለት ጊዜ ጥግ ሳይሸፈን ቀረብኝ፣ መተኪያም አልነበረም። የጀማሪ ነው ተብሎ ለሚሸጥ ዕቃ ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው። ጀማሪ የሚያስፈልገው መሳሳቻ ጨርቅ ነው።

ማስመሪያው ግን! ከስሩ፣ ከጠርዙ ሩብ ኢንች ገባ ብሎ፣ ደረጃ የመሰለ ከፍታ አለው። ወረቀቱን በመስመሩ ላይ ታጥፋላችሁ፣ ደረጃውን ከታጠፈው ወረቀት ጠርዝ ጋር ታስጠጋላችሁ፣ በማስመሪያው ጠርዝ ትቆርጣላችሁ። ትርፉ ሳትለኩ ሩብ ኢንች ሆኖ ይቀራል። መለካት የለም፣ ምልክት ማድረግ የለም። ይሄን ዕቃ ፒያሳም መርካቶም የልብስ ስፌት ዕቃ መሸጫዎች ጠይቄ አላገኘሁም። አንዱ ነጋዴ ግን «እህቴ፣ ይሄማ ላስቲክ ቆርጦ መለጠፍ ነው» አለኝ፣ እውነቱን ነበር። ማኅተምና ማስታወቂያ የሚሠሩ ልጆች ጋ ሄጄ ከቁርጥራጭ ፕሌክሲ ግላስ አንድ ቀጭን ዘንግ አስቆረጥኩ፣ ከተራ የ30 ሴንቲ ማስመሪያ ስር ከጠርዙ 6 ሚሊ ገባ አድርገው ለጠፉልኝ። ዕቃው ትራፊ ስለሆነ የጠየቁኝ የእጃቸውን ብቻ ነው። ለጓደኞቼም ሁለት አሠርቼ ሰጥቻለሁ። ከዋናው የሚለየው ግልጽ ቁጥር ስለሌለው ብቻ ነው።

ማተም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ኮዱን አስገብቼ ንድፎቹን አወረድኩና በፍላሽ ይዤ አራት ኪሎ ወደሚገኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። አሥር ገጽ አሳተምኩ፣ የከፈልኩት ከማኪያቶ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ቤት ገብቼ ሁለት ቀን ሰፋሁ። ከዚያ ከሳጥኑ ብሎክ ጋር ላጋጥመው ስል አነሰ። ስድስት ኢንች፣ ማለትም 15 ሴንቲ ከ2 ሚሊ መሆን ሲገባው፣ 14 ከ3 ሚሊ ገደማ ሆኖ ቁጭ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ንድፎች የሚዘጋጁት ሌተር በሚባለው ወረቀት ልክ ነው፣ ወርዱ 216 ሚሊ ነው። እኛ የምንጠቀመው ኤ4 ደግሞ ወርዱ 210 ነው፣ ቁመቱ ግን ይበልጣል። ኮምፒውተሩ «ገጹ ላይ ልክ አድርገው» የሚለው ላይ ከተተወ ንድፉን ራሱ አጥብቦ፣ ኅዳግም ጨምሮ ያትመዋል። ለደብዳቤ ቢሆን ማንም አያስተውለውም። ለስፌት ግን ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

ስለዚህ አሳታሚው ልጅ አጠገብ ቁሙና «አክችዋል ሳይዝ» ወይም «100 በመቶ» የሚለውን አስመርጡት። ጥሩ ንድፍ ላይ ሁልጊዜ የአንድ ኢንች መፈተሻ ካሬ አለ። መጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ አሳትሙ፣ ማስመሪያ ከቦርሳችሁ አውጡ፣ ለኩት። 2 ሴንቲ ከ5 ሚሊ ተኩል ገደማ ከሆነ ቀጥሉ። የእኔ 2 ከ4 ነበር፣ ያኔ ለክቼ ቢሆን ሁለት ቀኔን አላጣም ነበር። ሌላ ደግሞ፣ የታተመውን ወረቀት በፎቶ ኮፒ አታባዙ። ኮፒ ማሽን በጥቂቱ ያሳንሳል ወይም ያስፋል፣ አንዳንዴም ያጣምማል። አሥር ቅጂ ከፈለጋችሁ አሥሩንም ከፋይሉ አሳትሙ። አሁን ማስመሪያ ይዤ ስገባ ልጁ ሳልነግረው 100 በመቶ ላይ ያደርገዋል፣ አንዳንዴ ራሱ ይለካልኛል።

የወረቀት ጉዳይ። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ ቀጭን ወረቀት ውጭ አለ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት አራቱ ንድፎች እሱ ላይ ነበር የታተሙት፣ ሲቀደድ እንደ ሶፍት ነው። ግን የተራ ፎቶ ኮፒ ወረቀትም፣ 80 ግራሙ፣ ያገለግላል። ካኪ ወረቀት አትሞክሩ፣ ወፍራም ነው፣ ልብስ ሰፊዎች ለመቅጃ የሚወዱት ለዚያ ነው፣ እኛ ግን መቅደድ አለብን። የመቀደዱ ምስጢር ያለው ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ስፌቱ ላይ ነው። የስፌቱን እርምጃ አሳጥሩ። በተለመደው 2.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 1.5 አውርዱት። መርፌው እንደ ቴምብር ጠርዝ ደርድሮ ይበሳዋል፣ ስትጎትቱት በዚያው መስመር ይከፈታል፣ ስፌቱም ሲጎተት አይላላም። በአሮጌው ሲንጀር የምትሰፉ ከሆነ ቁጥሩ አንዳንዴ በኢንች ስንት ጥቅም (መርፌው የሚወጋው አንዱ ስፌት) እንደሚሆን ነው የሚያሳየው፣ ያኔ ወደ 17 ወይም 18 አስጠጉት። መርፌ ወፈር ያለውን፣ 90/14 የሚባለውን አድርጉ። እና ያቺን መርፌ ለወረቀት ብቻ ተዉአት፣ ወረቀት መርፌ ያደነዝዛል፣ በዚያ መርፌ ነጠላ ብትዘመዝሙ ክሩን ይስባል።

እኔ የምሰፋው በእናቴ የእግር መኪና ነው። መብራት ሲጠፋ አያቆምም፣ ደግሞም ቀስ ብሎ ይሄዳል። ለዚህ ሥራ ቀስ ማለት ይረዳል፣ መስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ጥቅም ብቻ አሳልፎ መቆም ስላለበት በእጅ ጎማውን ይዞ ማቆም ይቻላል። ውድ መኪና አያስፈልግም ለምትሉኝ ይሄ መልሴ ነው።

ጨርቅ ፍለጋ መርካቶ ገባሁ። ፒያሳም ጥቂት ሱቆች አይቻለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ፍርስራሽ በኋላ ግን ድሮ የማውቃቸው ቤቶች ብዙዎቹ ቦታቸው ላይ የሉም፣ የሄዱበትን ጠይቆ ማግኘት ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። መርካቶ ውስጥ ለጀማሪ የምመክረው መጀመሪያ አቡጀዲ ነው። ነጭ አቡጀዲ ሁለት ሜትር ግዙ። ለኮከቡ ዳራ ይሆናል፣ ለመለማመጃም ይሆናል፣ ስትሳሳቱም አያሳዝንም። ቤት ስትገቡ ሳትቆርጡ እጠቡትና ተኩሱት፣ አቡጀዲ ውሃ ሲነካው ይገባል። ይሄን ሳያደርጉ ሰፍተው በኋላ ያጠቡ ሰዎች ብሎካቸው ተጨማዶ አይቻለሁ። ለቀለሙ ፖፕሊን፣ ጥጡን፣ ሩብ ሜትር ሩብ ሜትር። አብዛኛው ነጋዴ ከግማሽ በታች አይቆርጥም፣ ግን ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት፣ ገዢ ሲቀንስ፣ ቀስ ብላችሁ ብትጠይቁ የጥቅል መጨረሻ ላይ የቀረውን ይሰጧችኋል። ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ አይሠራም።

ጥጥ ነው ብለው ቴትሮን የሚሸጡላችሁ ጊዜ አለ። ለዚህ ሥራ ቴትሮን አይሆንም፣ ስታጥፉት ተመልሶ ይነሳል፣ ወረቀቱ ላይ ጠፍጥፎ አይተኛም። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ ክብሪት አስነኩት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ዶቃ ከሆነ ፕላስቲክ አለበት። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ እንዲህ ሳደርግ አይተው «እንዲህ የሚፈትን ሰው ካየሁ ቆየሁ» አሉኝና ከመደርደሪያው ኋላ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ጥጥ አወጡልኝ፣ «ይሄን ውሰጂ ልጄ፣ ይሄ የድሮ ነው» ብለው። እውነትም እስካሁን ከሰፋሁበት ጨርቅ ሁሉ እንደሱ የታዘዘልኝ የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የልብስ ሰፊዎች ቅሪት ነው። የሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ ከስሩ በጆንያ የሚያስቀምጠውን አያችሁ? ለኛ አንድ ጆንያ ስድስት ወር ነው። የፔፐር ፒሲንግ ትልቁ ደስታ ይሄ ነው፤ ጣት የምታህል ጨርቅ እንኳ ቦታ አላት፣ ወረቀቱ ስለሚይዛት አትጠፋም። የእኔ ሰፊ ጋሼ መጀመሪያ ለምን እንደምፈልገው አልገባቸውም ነበር። የሰፋሁትን ኮከብ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ጀርባውን ገለበጡና ስፌቱን በጥፍራቸው ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ ጥጥ ጥጡን ለይተው በፌስታል ያስቀምጡልኛል።

ስለ ሀገር ልብስ ጠይቃችሁኛል። የነጠላና የቀሚስ ቁራጭ ይሆናል ወይ? ይሆናል፣ ግን በዘዴ። የሸማ ድር ላላ ያለ ስለሆነ ሲቆረጥ ይተረተራል፣ ሩብ ኢንች ትርፍ እስኪሰፋ ድረስ ግማሹ ክር ሆኖ ይሄዳል። እኔ አሚዶ አደረግኩበት። ቀጠን ያለ አሚዶ ነክሬ፣ በጥላ አድርቄ፣ ገና እርጥበት እያለው ተኮስኩት፣ እንደ ወረቀት ቀጥ አለ። ትርፉን ደግሞ ከሩብ ኢንች ወደ አንድ ሴንቲ አሳደግኩት። ጥለቱን ወይም ጥበቡን በረጅሙ ቆርጬ የኮከብ ጫፍ አደረግኩት፣ ቀዩና ወርቃማው መስመር ከመሃል ወደ ጫፍ እየጠበበ ሲሄድ የሚሰጠው መልክ ከየትኛውም የውጭ ጨርቅ አይገኝም። የአክስቴ አሮጌ ቀሚስ ጫፉ ተቃጥሎ ሊጣል የነበረ፣ አሁን አራት ብሎክ ላይ አለ።

አሠራሩን በአጭሩ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው መመሪያ ፊደሉ ደቃቅ፣ ሥዕሉም ግራ የሚያጋባ ስለሆነ። ቁጥር 1 ጨርቅ ወረቀቱ ባልታተመበት ጎን ይቀመጣል፣ ፊቱ ወደ እናንተ። ወደ መስኮት አንሡትና ብርሃን ላይ እዩት፣ ክፍል 1ን በየጎኑ አልፎ መሸፈኑን አረጋግጡ። ቁጥር 2ን ፊቱን ከቁጥር 1 ፊት ጋር ግጠሙ። ከመስፋታችሁ በፊት በስፒል ብቻ በመስመሩ ላይ ይዛችሁ ገልጣችሁ እዩት፣ ቦታውን ይሸፍናል? ይቺን ማየት የተዉ ሰዎች ናቸው ስፌት የሚፈቱት፣ የዚህ ሥራ ስፌት ደግሞ ጥቅሙ ደቃቅ ስለሆነ መፍታቱ መከራ ነው። ከሸፈነ ወረቀቱን ገልብጡ፣ በ1 እና በ2 መካከል ባለው መስመር ላይ ስፉ። ወረቀቱን በመስመሩ አጥፉ፣ ትርፉን ከርክሙ፣ ጨርቁን ገልጣችሁ ተኩሱ። ከዚያ 3። ከዚያ 4። ቁጥር አትዝለሉ፣ አንዱ የሌላውን ጠርዝ ስለሚሸፍን ቅደም ተከተሉ ነው ሥራው።

ሲተኮስ ካውያው በጨርቁ በኩል እንጂ በታተመው በኩል አይሁን። የሌዘር ፕሪንተር ቀለም ሲሞቅ ይለጥፋል፣ ካውያውንም ጠረጴዛውንም ያበላሻል። ከስር አሮጌ ጨርቅ አንጥፉ። እንፋሎትም አትጠቀሙ፣ ወረቀቱ ይጨማደዳል። መብራት ከሌለ በማንኪያ ጀርባ ጠበቅ አድርጋችሁ አንድ ሁለቴ ማሸት ይበቃል፣ እኔ በየመሃሉ በማንኪያ ነው የምሠራው፣ ካውያ መጨረሻ ላይ ብቻ።

ወረቀቱን መቼ ልቅደድ? ብሎኩን ከጎረቤቱ ብሎክ ጋር ከሰፋችሁ በኋላ። ቸኩላችሁ ቀድማችሁ ከቀደዳችሁ በሰያፍ የተቆረጠው የዳር ጨርቅ ይለጠጣል፣ ካሬው ካሬ አይሆንም። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለማየት ጓጉቼ ቀደድኩ፣ ዳራቸው ተወላግዷል፣ አሁን የትራስ ልብስ ላይ ናቸው። ወረቀቱ ብናኝ አለው፣ በሳምንት አንዴ የመኪናውን ቦቢን ቤት (የታችኛው ክር ማስቀመጫ) በብሩሽ ጥረጉ።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ መኪና ለሌላችሁ ነው። ሳጥኑ ስለሱ አንድ ቃል አይልም፣ ይሄም ቅር አሰኝቶኛል። የእንግሊዝ ፔፐር ፒሲንግ ይሉታል፣ ሁሉም በእጅ ነው። ጠንከር ያለ ወረቀት በስድስት ጎን ቅርጽ ይቆረጣል፣ ጨርቁ በወረቀቱ ላይ ታጥፎ በሰፋፊ ጥቅም ለጊዜው ይያዛል፣ ከዚያ ሁለቱ ፊት ለፊት ተገጥመው ጠርዝ ለጠርዝ በጥቃቅን ጥቅም ይጠመዳሉ። አንዱ መሃል፣ ስድስቱ ዙሪያ፣ ሰባት ሲሆኑ አበባ ይወጣል። ጎኑ አንድ ኢንች የሆነው ለመጀመር በቂ ነው። ወረቀቱ ዙሪያውን ሁሉ ከተሰፋ በኋላ ይወጣል፣ ተመልሶም ያገለግላል። ለዚህ የሰርግ ጥሪ ካርድ የሚስተካከለው የለም! ውፍረቱ ልክ ነው፣ ጥግ ጥጉ ይዞ ይቆያል፣ ቤታችንም ሞልቷል። የቆየ ካርድ ሁሉ ሰብስቤ ሁለት መቶ ያህል ቆርጫለሁ። ታክሲ ወረፋ ላይ፣ ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ለቅሶ ቤት ሳይሆን ሰንበቴ ላይ ሁሉ ይዤው እሄዳለሁ፣ በአንዲት ትንሽ ቆርቆሮ መርፌ፣ ክር፣ መቀስና አሥር ባለ ስድስት ጎን ወረቀት ይገባል።

ዘዴው በጣም የቆየ ነው። በብሪታንያ ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎበት ከሚታወቁት የቁርጥራጭ ጨርቅ ሥራዎች ሁሉ ቀዳሚው በፈረንጆች የ1718ቱ የሐር አልጋ ልብስ ነው፣ እሱም በወረቀት ላይ የተሠራ ነው፣ ወረቀቶቹ ዛሬም ውስጡ አሉ። «ኢ» እና «ኤች» ከሚሉ ሁለት ፊደሎች በቀር የሠራው ሰው ስም አይታወቅም። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ሁሉንም ወረቀት አላወጣም። እያንዳንዱ ሥራዬ ውስጥ አንድ ካርድ፣ የሙሽሮቹ ስም ያለበትን፣ እተዋለሁ። ያ ሥራ ለማጌጫ ብቻ ከሆነ ማለቴ ነው፣ የሚታጠብ ከሆነ አይሆንም።

እናቴ መጀመሪያ ወለሉ ላይ የዘረጋሁትን አይታ «ልጄ፣ ድሪቶ ደግሞ ምን ቸገረሽ?» አለችኝ። ገባኝ። ለእሷ ትውልድ ድሪቶ የማጣት ልብስ ነው፣ የለበሰውም ሰው ወዶ አይደለም። ግን ቁጭ ብላ ማየት ጀመረች። ከዚያ ወረቀቱን ስቀድ እጇን ዘርግታ «እስቲ አምጪው» አለች። አሁን ወረቀት መቅደድ የእሷ ሥራ ነው። ከእኔ ይልቅ ትዕግሥት አላት፣ አንድ ጥቅም አይበጠስባትም። እሷ እንደነገረችኝ እናቷ የተረፈ ጨርቅ ገጣጥማ፣ መሃሉ ባዘቶ አድርጋ፣ ለልጆች ማንጠፊያ ትሠራ ነበር። ይሄን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኔም ለመሃሉ ባዘቶ ሞክሬያለሁ፣ ሙቀቱ ድንቅ ነው፣ ግን ጥቅሙ ካልተቀራረበ ይጠቀለላል። ለመጀመሪያ ሥራ ቀጭን አሮጌ ብርድ ልብስ ይቀላል።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳልቀር። ወረቀት ላይ የታተመው በጨርቁ ላይ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ነው የሚወጣው። ለኮከብ ለውጥ የለውም። ለእህቴ ልጅ የስሙን መጀመሪያ «ረ»ን በቀጥታ መስመሮች ነድፌ ስሰፋለት ግን ዞሮ ወጣ። ልጁ ገና ፊደል መቁጠሩ ስለነበር ወዲያው አየው። ፊደል ከሆነ ንድፉን መስኮት ላይ አድርጋችሁ ከጀርባው ገልብጡት፣ ወይም አሳታሚው ልጅ «ሚረር» የሚለውን ይጫንላችሁ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለሳጥኑ ከአሥር አምስት እሰጣለሁ፣ ሦስቱ የማስመሪያው ነው። መሃል ከተማ ዞራችሁ ለምትሰበስቡት ዘጠኝ። አንዱን የቀነስኩት ለክብ ምላጩ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ሲደንዝ መተኪያውን ማግኘት አልቻልኩምና ወደ ደህና መቀስ ተመልሻለሁ። ዝርዝሩን ይዛችሁ ውጡ ብል፣ መጀመሪያ አራት ኪሎ ወርዳችሁ አሳትሙና ለኩ፣ ከዚያ ማስመሪያውን አሠሩ፣ መርካቶን ለከሰዓት ተዉት።

እኔ አሁን ጀበና እየነደፍኩ ነው። በዚህ ዘዴ ክብ መስመር መስፋት አይመችም፣ ስለዚህ ሆዱን በአጫጭር ቀጥታ መስመሮች ነው የማዞረው። በአንድ ወረቀትም አይሠራም፣ አንገቱ፣ ሆዱ፣ እጀታው ለየብቻ ሦስት ክፍል ሆነው በመጨረሻ ይጋጠማሉ። አሥራ ዘጠኝ ቁራጭ ሆኗል፣ ሆዱ ያ ሽማግሌው የሰጡኝ ጥቁር አረንጓዴ ጥጥ ነው። እጀታውን ወረቀቱ ላይ በግራ በኩል ነው የሣልኩት፣ ጨርቁ ላይ በቀኝ እንዲወጣ።